ሩዶልፍ ዲዝልና ያልተሟሸው ሞተር

በዓለም ላይ ስማቸው ከሥራቸው ጋር ተዋሕዶ የቀረ ሰዎች ብዙዎች አይደሉም። ከእነዚህም መካከል ስሙ በየዕለቱ በሚሊዮኖች አፍ እየተጠራ፣ ሰውየው ራሱ ግን የተረሳ አንድ መሐንዲስ አለ። እሱም ሩዶልፍ ዲዝል ነው። በብዙ አገሮች ነዳጁም ሞተሩም በእሱ ስም ይጠራሉ፤ በአገራችን ግን ነዳጁን ናፍጣ፣ ሞተሩን ዲዝል እንላለን። ይህም አጠራራችን ከታሪኩ ጋር ይስማማል፤ ሰውየው ለዓለም ያበረከተው አዲስ ነዳጅ ሳይሆን ነዳጅን የማቃጠል አዲስ ዘዴ ነውና።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ አንድ ገጠመኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ አንድ ቦታ አዲስ የዲዝል ጄኔሬተር ተተከለ። የምረቃው ቀን አስቀድሞ ተቆርጦ ስለነበር፣ ሞተሩ በተነሣ በመጀመሪያው ሰዓት ሙሉ ጭነት ተጫነበት። እንግዶቹ አጨብጭበው ተመለሱ፤ ሞተሩም በዚያ ዕለት ያለ እንከን ሠራ። ብዙ ሳይቆይ ግን ዘይት መብላትና ሰማያዊ ጭስ መትፋት ጀመረ፤ በተፈታም ጊዜ የሲሊንደሮቹ ግድግዳ ተቦጫጭሮ ተገኘ። ካስነሡት ሰዎች አንዱ እኔ ስለ ነበርሁ ጥፋቱን በሌላ ላይ ለማላከክ አልችልም። ከዚያ በኋላ የዲዝልን የሕይወት ታሪክ ሳነብ፣ የዚህ ዓይነቱ ችኮላ በሞተሩ የልደት ዘመን፣ በፈጣሪው በራሱ ላይ ምን ያህል ጉዳት እንዳደረሰ ተረዳሁ። ታሪኩን ለሙያ ባልደረቦቼ ማካፈል የፈለግሁትም ስለዚህ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሩዶልፍ ዲዝል ማርች 18 ቀን 1858 በፓሪስ ከተማ ተወለደ። አባቱ ቴዎዶር ዲዝል መጽሐፍ ጠራዥና የቆዳ ዕቃ ሠሪ ነበር፤ እሱም ሆነ ሚስቱ ኤሊዘ ከጀርመን አገር ከባቫርያ የመጡ ነበሩ። ኑሯቸው በእጅ ሥራ የተደገፈ፣ ከእጅ ወደ አፍ የሚባል ዓይነት ነበር። በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሲያ መካከል ጦርነት ሲነሣ ጀርመናውያን ከፓሪስ እንዲወጡ ስለተገደዱ፣ ቤተሰቡ ወደ ለንደን ተሰደደ። በዚያም ችግር ስለ ጸናባቸው የ12 ዓመቱን ሩዶልፍን በአውግስቡርግ ከተማ ወደሚኖሩ ዘመዶቹ ላኩት። የተቀበለው ዘመዱ የሒሳብ መምህር ነበር። ልጁ በዚያ ቤት ሥርዓትንና ትጋትን ተማረ፤ ገና በ14 ዓመቱም መሐንዲስ ለመሆን መቁረጡን ለወላጆቹ በደብዳቤ አስታወቀ።

በአውግስቡርግ የሙያ ትምህርት ቤት ከጓደኞቹ ሁሉ በልጦ ከጨረሰ በኋላ፣ በ1875 የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ በሙኒክ ወደሚገኘው የባቫርያ ፖሊቴክኒክ ገባ። በዚያ ካስተማሩት መምህራን መካከል በማቀዝቀዣ መሣሪያ ፈጠራው ስመ ጥር የሆነው ካርል ፎን ሊንደ ነበር። ሊንደ ስለ ሙቀት ኃይል ባስተማረ ጊዜ፣ የዘመኑ የእንፋሎት ሞተር ከሚበላው የድንጋይ ከሰል ሙቀት ወደ ሥራ የሚለውጠው ከመቶ 10 እጅ እንደማይበልጥ፣ የቀረው ሁሉ በከንቱ እንደሚባክን ገለጸ። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሳዲ ካርኖ በ1824 ባሳተመው ጥናት መሠረት ግን ከዚያ እጅግ የበለጠ ማግኘት እንደሚቻል አስረዳ። ይህ ትምህርት በወጣቱ ልብ ተተክሎ ቀረ። ዲዝል በ1879 በታይፎይድ ታሞ የመጨረሻው ፈተና ስላመለጠው፣ እስከሚቀጥለው ፈተና ድረስ በስዊዘርላንድ በዙልሰር ፋብሪካ የሞተር ሥራ ተለማመደ። በጃንዋሪ 1880 ተፈትኖ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ።

ከዚህ በኋላ ለ13 ዓመታት ያህል የመምህሩ የሊንደ የበረዶ መሥሪያ መኪና ሠራተኛ ሆኖ በመጀመሪያ በፓሪስ፣ ከ1890 ጀምሮ ደግሞ በበርሊን አገለገለ። በ1883 ማርታ ፍላሸን አግብቶ ሦስት ልጆች ወለዱ። በእነዚህ ዓመታት በውሃ እንፋሎት ፈንታ በአሞኒያ ትነት የሚሠራ ሞተር ለመፍጠር ብዙ ደክሞ አልተሳካለትም። ሆኖም ድካሙ ከንቱ አልነበረም፤ ስለ ከፍተኛ ግፊትና ስለ ሙቀት ጠባይ ብዙ አስተምሮታል።

አዲሱ ሐሳብ የመጣለት ከዚህ ሥራ ነው። የቢስክሌት ጎማ የነፋ ሰው እንደሚያውቀው፣ አየር ሲታመቅ የፖምፓው ጫፍ ይግላል። ዲዝልም አየርን ብቻውን በሲሊንደር ውስጥ እጅግ አጥብቆ ካመቁት፣ ነዳጅን ያለ ክብሪትና ያለ ኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊያቀጣጥል የሚችል ሙቀት እንደሚደርስ አሰበ። ነዳጁ የሚገባው አየሩ ከታመቀ በኋላ ነው። ለዚህ ሐሳብ በፌብሩዋሪ 1892 በበርሊን የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ በ1893 መጀመሪያም ንድፈ ሐሳቡን በመጽሐፍ አሳተመ። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ስሌቱ የታሰበው ግፊት ከተራው የአየር ግፊት እስከ 250 እጥፍ የሚደርስ ነበር። እንዲህ ያለው ሞተር የሚሰጠው ኃይል የራሱን ሰበቃ ለማሸነፍ እንኳ የሚያዳግተው መሆኑን ዲዝል ራሱ ደረሰበት። ስለዚህ ግፊቱን ቀነሰ፤ የማቃጠያውንም ሥርዓት ለወጠ፤ በ1893 መጨረሻም ለተሻሻለው ሐሳብ ሁለተኛ መብት ጠየቀ። በወረቀት ላይ የነበረውና በብረት የተሠራው ሞተር አንድ አለመሆናቸው በኋላ ለተቃዋሚዎቹ ትልቅ መከራከሪያ ሆነ።

ሐሳቡን በብረት ለማየት የበቃው በአውግስቡርግ የመኪና ፋብሪካ ሥራ መሪ በሃይንሪኽ ፎን ቡትስ ምክንያት ነው። ቡትስ በመጀመሪያ ቢያመነታም በ1893 ውል ፈረመ፤ ስመ ጥሩው የክሩፕ ድርጅትም በወጪው ተካፋይ ሆነ። በዚያው ዓመት በጋ የመጀመሪያው የሙከራ ሞተር ተሠርቶ አለቀ። የሲሊንደሩ ስፋት 150 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 400 ሚሊ ሜትር ነበር። ሞተሩ በራሱ ሊነሣ ስለማይችል በፋብሪካው ዘንግ አማካይነት በቀበቶ ይሽከረከር ነበር። በዚህ ሁኔታ ያለ ነዳጅ ሲመረመር አየሩ በፒስተኑ ዙሪያ እየሾለከ ከታሰበው ግፊት በታች ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ደጋግሞ ማስተካከል አስፈለገ።

ኦገስት 10 ቀን 1893 ነዳጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባበት። የተሰማው የሞተር ድምፅ ሳይሆን ፍንዳታ ነበር። ግፊቱ ከአየር ግፊት 80 እጥፍ ያህል ስለ ደረሰ፣ የግፊት መመዝገቢያው መሣሪያ ተሰብሮ ስብርባሪው በክፍሉ ውስጥ ተበተነ። በቦታው የነበሩት ሰዎች የተረፉት ለጥቂት ነበር። ዲዝል ግን ከአደጋው ውስጥ የሚፈልገውን መልስ አገኘ፤ የታመቀ አየር ብቻውን ነዳጅን ማቀጣጠል እንደሚችል ተረጋገጠ። ሞተሩም ለዘለቄታ ለመሥራት ገና እንዳልበቃ እንዲሁ ተረጋገጠ። ዲዝል ሞተሩን አቁሞ ወደ ሥዕል ጠረጴዛው ተመለሰ፤ ሞተሩ ለወራት ተፈትቶ ዳግመኛ ተሠራ።

ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1894 ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ኃይል ዞረ፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል፣ በደቂቃ 88 ዙር። እንደሚተረከው ነገሩን በመጀመሪያ ያስተዋለው በሞተሩ አጠገብ የቆመው ሠራተኛ ነው። እስከዚያ ቅጽበት ሞተሩን ሲጎትት የቆየው ቀበቶ አሁን በሞተሩ እንደሚጎተት አይቶ፣ ቃል ሳይናገር ባርኔጣውን በማንሣት አክብሮቱን ገለጸ። ከዚያች አንድ ደቂቃ እስከ አስተማማኝ ሥራ ድረስ ግን ገና ሦስት ዓመታት ይቀሩ ነበር።

እዚህ ላይ አዲስ ሞተር ለምን ትዕግሥት እንደሚሻ መግለጽ ይገባል። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ ሲገዙ በጎመን ዘር እያሹ በቀስታ ያሟሹታል እንጂ በዚያው ዕለት የድግስ እንጀራ አይጋግሩበትም። በጋራዥ ሮዳጅ የሚባለውም የሞተር ማሟሸት ነው። አዲስ ሲሊንደር ለዓይን የለሰለሰ ቢመስልም ገጹ በደቃቅ ጉብታዎችና ጭረቶች የተሞላ ነው። የፒስተኑ ቀለበቶች፣ በተለምዶ ፋሻ የምንላቸው፣ ከዚህ ገጽ ጋር በልክ የሚገጥሙት በሥራ ላይ እርስ በርሳቸው ጥቂት በጥቂት ሲተሻሹ ነው። ገና ሳይገጥሙ ሙሉ ጭነት ቢጫን በጉብታዎቹ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት የዘይቱን ሽፋን ያጠፋል፤ ብረት ከብረት ይጣበቃል፤ ግድግዳውም ይቦጫጨራል። በሌላ በኩል ሞተሩን እጅግ አሳስቶ ያለ ጭነት ለረጅም ሰዓት ማዞርም ስሕተት ነው። ቀለበቶቹን ወደ ግድግዳው የሚገፋቸው የሚቃጠለው ጋዝ ግፊት ስለ ሆነ፣ ጭነት ከሌለ በቂ ግፊት የለም፤ በቀለበቶቹ የሚያልፈው ዘይትም በግድግዳው ላይ እየተቃጠለ መስታወት መሰል ሽፋን ይሠራል። ያ ሽፋን ከተሠራ በኋላ ቀለበቶቹ ከግድግዳው ጋር ሊገጥሙ አይችሉም። ስለዚህ ማሟሸት ማለት ማሞላቀቅ ሳይሆን ጭነትን በመጠንና በተራ ማልመድ ነው።

ዲዝልና ረዳቶቹ ከ1894 እስከ 1897 የፈጸሙት ሥራ በመንፈሱ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ሞተሩን ያስነሡታል፤ ያዩትን ይመዘግባሉ፤ ያቆሙታል፤ ይፈቱታል፤ ያረሙትን ክፍል መልሰው ይገጥማሉ። ነዳጁን ወደ ሲሊንደሩ ለማስገባት ብዙ መንገድ ከሞከሩ በኋላ፣ በልዩ መጭመቂያ በታመቀ አየር ኃይል እየተበተነ እንዲገባ አደረጉ። ቀዝቃዛ ውሃ የሚዞርበት ሲሊንደር ተሠራ። ወጣቱ መሐንዲስ ኢማኑኤል ላውስተር በንድፍ ሥራው ተጨመረ። በመጨረሻም የሲሊንደሩ ስፋት 250 ሚሊ ሜትር፣ ምልልሱ 400 ሚሊ ሜትር የሆነ አዲስ ሞተር ተተከለ። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1897 የሙኒኩ ፕሮፌሰር ሞሪትስ ሽሮተር ሞተሩን በይፋ መረመረ። በደቂቃ 154 ዙር እየዞረ 17.8 የፈረስ ጉልበት ሰጠ፤ ከነዳጁ ሙቀት ወደ ሥራ የለወጠውም ከመቶ 26.2 እጅ ሆኖ ተገኘ። ከሊንደ ትምህርት ወዲህ ያለፈው የሃያ ዓመት ያህል ድካም ፍሬ አፈራ።

በዚያው ዓመት በጁን ወር ዲዝልና ሽሮተር ውጤቱን በካሰል ከተማ ለጀርመን መሐንዲሶች ማኅበር ጉባኤ አቀረቡ። ዝናው በአንድ ጊዜ ተዛመተ፤ የየአገሩ ባለ ሀብቶች የመሥራት መብት ለመግዛት ተሽቀዳደሙ። የአሜሪካው የቢራ ጠማቂ አዶልፈስ ቡሽ ለአሜሪካና ለካናዳ መብት አንድ ሚሊዮን ማርክ ከፈለ። በ1898 ደግሞ የዲዝልን መብቶች የሚያስተዳድር ኩባንያ በአውግስቡርግ ተቋቋመ፤ ለመብቶቹም 3 ሚሊዮን ተኩል ማርክ ተመደበ። የመጽሐፍ ጠራዡ ልጅ በ40 ዓመቱ ሚሊየነር ሆነ።

ስሕተቱ የተወለደው በዚህ የደስታ ወቅት ነው። በሽሮተር የተመረመረው ሞተር በፈጣሪዎቹ እጅና ዓይን ሥር የሚሠራ አንድ ሞተር ነበር። ተራ ሠራተኛ በተራ ፋብሪካ ቀንና ሌሊት ሊያሠራው ይችል እንደ ሆነ ገና አልተፈተነም ነበር። በ1898 በኬምፕተን ከተማ ለሚገኝ የክብሪት ፋብሪካ 60 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ተላከ፤ ለገበያ ከቀረቡት የመጀመሪያው መሆኑ ነው። ሞተሩ ብዙ ሳይሠራ እየቆመ አስቸገረ፤ ከአውግስቡርግም ባለሙያዎች እየተመላለሱ ይጠግኑት ነበር። ነዳጁን የሚበትነው ክፍል ይደፈናል፤ የአየር መጭመቂያው ይበላሻል። በዚያው ዓመት ለብቻው የተመሠረተው የአውግስቡርግ የዲዝል ሞተር ፋብሪካ የሠራቸው ሞተሮች ደግሞ ከደንበኞች እየተመለሱ መጡ፤ ፋብሪካውም ብዙ ሳይቆይ ማምረቱን አቆመ። መብቱን የገዙ ድርጅቶች ቅሬታ አበዙ፤ የፈጠራውን ባለቤትነት የሚቃወሙ ክሶችም በዚያው ላይ ተደረቡ።

ዲዝል ይህን ሁሉ ለመሸከም አልቻለም። በ1898 መጸው በሥራ ብዛትና በጭንቀት ታሞ በሙኒክ አጠገብ በሚገኝ የነርቭ ሕመምተኞች መታከሚያ ገባ። ለሞተሩ በየሙከራው መካከል የዕረፍትና የምርመራ ጊዜ የሰጠ ሰው፣ ለራሱ አንዳች ፋታ አልሰጠም ነበር።

ሞተሩን ከውድቀት ያዳነው የቡትስ ጽናትና የላውስተር የዘወትር ሥራ ነው። እነዚህ ሰዎች የተመለሰውን ሞተር እንደ ውርደት ሳይሆን እንደ ማስረጃ ተመለከቱት፤ የተሰበረውን ክፍል ሁሉ እየመረመሩ አሻሻሉ። በ1900 በፓሪስ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን የዲዝል ሞተር ከፍተኛውን ሽልማት አገኘ፤ በዚያ ከቀረቡትም አንዱ በለውዝ ዘይት ሲሠራ ታየ። በ1903 ቫንዳል የተባለው መርከብ በቮልጋ ወንዝ በዲዝል ሞተር ተጓዘ፤ በ1912 ደግሞ በኮፐንሃገን የተሠራው ሴላንዲያ በዲዝል ኃይል ውቅያኖስ አቋረጠ። ዲዝል ይህን ሁሉ ለማየት በቃ። በመጨረሻ ዓመታቱ ስለ ሞተሩ አፈጣጠር ንግግር አድርጎ መጽሐፍም ጽፏል፤ በእሱም ፈጠራ ማለት ሐሳቡ ብቻ ሳይሆን በሙከራ ተፈትኖ ሲፈጸም መሆኑን አጥብቆ ተከራክሯል። ይህን ለማለት ከእሱ የተሻለ መብት ያለው ሰው አልነበረም።

የገንዘቡ ነገር ግን እንደ ሞተሩ አልቀናም። በሙኒክ ትልቅ ቤት ሠራ፤ በመሬት ግዥና በሌሎች ንግዶች ገብቶ ሀብቱን አጠፋ። ሴፕቴምበር 29 ቀን 1913 ማታ ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ በሚሄደው ድሬስደን በተባለው መርከብ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ተሳፈረ። እራት በልተው ተሰናበቱ፤ ጧት በጊዜ እንዲቀሰቅሱትም አዘዘ። ጧት ሲፈለግ ግን አልጋው አልተተኛበትም፤ ካፖርቱና ባርኔጣው በመርከቡ የኋላ ክፍል ተገኙ። በኦክቶበር የኔዘርላንድ ጀልባ አንድ አስከሬን ከባሕር አገኘች፤ ከኪሱ የወጡትን ዕቃዎች ልጁ ኦይገን የአባቱ መሆናቸውን ለየ። አስከሬኑ ወደ ባሕር ተመልሶ ነበር። ለሚስቱ ትቶላት በሄደው ቦርሳ ውስጥ 20,000 ማርክና ገንዘቡ ማለቁን የሚያሳዩ ወረቀቶች ተገኙ። ራሱን አጥፍቷል የሚለው ግምት ሚዛን ቢደፋም፣ የአሟሟቱ ነገር እስከ ዛሬ በእርግጥ አልታወቀም። ዕድሜው 55 ነበር።

ዲዝል ከሞተ በኋላ በ1920ዎቹ ዓመታት ከባዱ የአየር መጭመቂያ ቀርቶ ነዳጁን በቀጥታ የሚረጭ ፖምፓ ሲሻሻል ሞተሩ በጭነት መኪና ላይ ለመውጣት ቻለ። በአገራችንም ትሬንታ ኳትሮ እየተባለ ሲጠራ የኖረው የጣሊያን ፊያት 634 የጭነት መኪና በናፍጣ የሚሠራ ነበር። ዛሬ የታላላቅ መርከቦች የዲዝል ሞተሮች ከነዳጁ ሙቀት ከግማሽ በላይ ወደ ሥራ ይለውጣሉ።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ ለመሐንዲሶች የሚተርፈው ትምህርት በየሥራ ቦታችን የሚውል ነው። አዲስ የዲዝል ሞተር ከማስነሣታችን በፊት ዘይቱን፣ ውሃውንና ብሎኖቹን ሁሉ እንመርምር፤ ከናፍጣው መስመርም አየሩን እናስወጣ። በመጀመሪያ ናፍጣውን ዘግተን፣ የዘይት ግፊት መለኪያው እስኪንቀሳቀስ በሞተር ማስነሻው ጥቂት በጥቂት እናዙረው። ሞተሩ ከቁጥጥር ወጥቶ ቢፈጥን የራሱን ዘይት እያቃጠለ ሊሆን ስለሚችል፣ ናፍጣ መዝጋት ብቻ ላይበቃ ይችላል፤ ስለዚህ የአየር ማስገቢያውን የሚዘጋ ሰው መዝጊያውን ይዞ ይቁም። ሌላው ሰው ከሚሽከረከሩት ክፍሎች ትይዩ ገለል ይበል፤ በ1893 የተበተነውን ስብርባሪ ማስታወስ ይበቃል። ሞተሩ ሲነሣ ከሁሉ በፊት የዘይት ግፊቱ ይታይ፤ ግፊቱ ወዲያው ካልወጣ ይቁም። ከዚያ በኋላ ያለ ሥራ ለረጅም ሰዓት አይቆይ፤ መጠነኛ ጭነት ይሰጠው፤ ጭነቱም እየተለዋወጠ ቀስ በቀስ ይጨመር። የመጀመሪያው ዘይትና ማጣሪያው ቀድመው ይለወጡ። የሰዓቱን ልክ የሚወስነው የሠሪው መመሪያ ነው፤ በፋብሪካ ተፈትነው የሚመጡ ሞተሮችም ስላሉ መመሪያውን ማንበብ ግዴታ ነው።

የምረቃ ቀን የሚቆረጠው በካላንደር ነው፤ የፒስተን ቀለበት ግን ካላንደር አያውቅም። ዲዝል ሞተሩን በታገሠባቸው አራት ዓመታት ለዓለም የሚበቃ ሥራ ሠራ፤ በተቻኮለባቸው ጥቂት ወራት ግን ጤናውንና የደንበኞቹን እምነት ከሰረ። እኔም ያን ጄኔሬተር ካስፈታሁ ወዲህ፣ ቀን ተቆርጦልኝ አዲስ ሞተር አስነሣ ስባል አስቀድሜ የምጠይቀው ለማሟሸት ስንት ቀን እንደ ተሰጠኝ ነው። ቀኑ ካልተሰጠኝም እምቢ ማለትን ተምሬአለሁ።